ሦስት እግርና ሁለት እግር፦ ስለ ኪዮቶ የመንገደኛ ፎቶግራፎች

በዚህች መጽሔታችን ላይ እስካሁን የወጡት ሂሶች ስለ ልቦለድ፣ ስለ ግጥም፣ አልፎ አልፎም ስለ ቲያትር ናቸው። ፎቶግራፍን ማንም አልነካውም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ፎቶግራፍ፣ በተለይም መንገደኛ በእጁ ይዞ የሚያነሣው ፎቶግራፍ፣ ሂስ የሚገባው ሥራ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። «ሄጄ ነበር» ለማለት የሚቀርብ ማስረጃ እንጂ ድርሰት አይደለም ይባላል። ማስረጃም ቢሆን እኮ የሚናገረው ነገር አለ፤ የሚናገር ነገር ሁሉ ደግሞ ሊመረመር ይገባል። ለምርመራ የመረጥኋት ከተማ ኪዮቶ ናት። የመንገደኛ ካሜራ እንደ እርሷ የተረባረበባቸው ጥንታውያን ከተሞች ጥቂት ናቸው፤ እንደ እርሷ ካሜራውን «በቃህ!» ብለው የተቆጡ ደግሞ ከዚያም ያነሱ ናቸው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስብ። መጽሔታችን በስቴንስል ተጽፋ የምትባዛ ስለሆነች ፎቶግራፍ አትሸከምም። ስለዚህ አንባቢ ሥዕሎቹን በቃል ብቻ እንዲያይልኝ እለምናለሁ። ዓመቶቹም በግልጽ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከኪዮቶ የሚመጡ ፎቶግራፎችን ሃምሳ ያህል ያየ ሰው አምስት መቶውን አይቷል። በፉሺሚ ኢናሪ ተራራ ላይ እንደ ዋሻ የተደረደሩት ብርቱካንማ ቀይ በሮች አሉ፤ መልኩ በኩሬ ላይ የወደቀው ወርቅ ለበሱ ቤት፣ ኪንካኩ-ጂ አለ፤ የአራሺያማ የቀርከሃ መንገድ አለ፤ ከተራራ ጥግ ወጣ ብሎ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የቆመው የኪዮሚዙ-ዴራ የእንጨት መድረክ አለ፤ በመጨረሻም በጊዮን ሠፈር ፊቷን ነጭ ተቀብታ ፈጠን ፈጠን እያለች የምትሄድ ማይኮ አለች። አምስት። ስድስተኛውን ለማግኘት ብዙ መገላበጥ ያስፈልጋል።

ይህን ያዩ ጓደኞቼ «መንገደኛ ሰነፍ ነው» ብለው ይደመድማሉ። እኔ አልስማማም። ኪንካኩ-ጂን ብንወስድ ጎብኚው የሚሄደው በተከለለ አንድ መንገድ ነው። ኩሬው ፊት ለፊት ሲደርስ ሁሉም የሚቆምበት ቦታ አለ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ራሱ ወደ መውጫው ይገፋዋል። እንግዲህ ሥዕሉን የመረጠው ሰውዬው ሳይሆን አጥሩ ነው ማለት ነው። በብዕር የሚጓዝም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመንግሥት መልእክተኛነት ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ በእኛ 1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳትመዋል። የተከበረ እንግዳ ደግሞ የሚያየው የተዘጋጀለትን ነው። ልዩነቱ፣ ጸሐፊ አጥሩን ሲያይ «አጥር አለ» ብሎ መጻፍ ይችላል። ፎቶ አንሺው ግን አጥሩን ከፍሬም ውጭ ለማድረግ ሲል እጁን ከአጥሩ በላይ ያሻግራል። በመጀመሪያ የምከሰው ይህን ነው።

ሁለተኛው ክስ ስለ ዕድሜ ነው። ኪዮቶ በ794 ተቆርቁራ እስከ 1868 ድረስ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት መዲና ነበረች። በ1945 የአቶሚክ ቦምብ ሊጣልባቸው ከታሰቡት ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ የአሜሪካው የጦር ሚኒስትር ስቲምሰን ከዝርዝሩ አስወጥቷታል። ስለዚህ ሁሉም ሰው «ሳትነካ የቆየች ከተማ» እያለ ነው የሚያነሣት። ወርቅ ለበሱ ቤት ግን ሐምሌ 2 ቀን 1950 አንድ ወጣት መነኩሴ በእሳት አጋይቶታል። አሁን የሚታየው በ1955 እንደገና የተሠራው ነው። ሚሺማ ዩኪዮ በዚሁ ቃጠሎ ላይ ተመሥርቶ በ1956 ልቦለድ ጽፏል። በመንገደኛው ሥዕል ላይ የሺህ ዘመን ቅርስ መስሎ የሚያበራው ቤት እንግዲህ በዕድሜ ከብዙዎቻችን አያቶች ያንሳል። እንደገና መሠራቱ ነውር አይደለም፤ እንጨት ይቃጠላል፣ ይበሰብሳል፣ ይታደሳል፤ ጃፓኖች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ነገር ግን ከቃጠሎው በኋላ የቆመውን ከሰል የሆነ አፅም የሚያሳይ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አለ። ያን አንድ ጊዜ ያየ ሰው በኩሬው ላይ የሚያበራውን ወርቅ እንደ በፊቱ አያየውም። መንገደኛው ያንን ሳያውቅ ነው ጣቱን የሚጫነው።

አሁን ወደ እጁ እንምጣ። በእጅ ይዞ ማንሣት ሲባል ምን ማለት ነው? የሰው እጅ ይንቀጠቀጣል። ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይነፋል፣ ጣት ሲጫን ካሜራው ይወዛወዛል። ፎቶ አንሺዎች ለዚህ አሮጌ ደንብ አላቸው፤ ሌንሱ 50 ሚሊሜትር ከሆነ የካሜራው መዝጊያ ከ1/50 ሴኮንድ በላይ ተከፍቶ መቆየት የለበትም፤ 200 ሚሊሜትር ከሆነ ከ1/200 በላይ መቆየት የለበትም። ከዚያ ያለፈ እንደሆነ ሥዕሉ ይደበዝዛል። የኪዮቶ መቅደሶች ውስጣቸው ጨለማ ነው፤ ብርሃን የሚገባው ዝቅ ብሎ በወረቀት መዝጊያ በኩል ነው። እዚያ ውስጥ 1/50 ሴኮንድ ምንም አይበቃም። ለዚህ ነው ባለሦስት እግሩ መቆሚያ፣ ትራይፖድ የሚሉት፣ የተፈለሰፈው። ይሁንና በኪዮቶ ብዙዎቹ መቅደሶችና የአትክልት ሥፍራዎች ትራይፖድን ከደጅ ይከለክላሉ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ የብረት እግር ሣሩንና የእንጨት ወለሉን ይጎዳል፤ አንዱ ዘርግቶ ሲቆም ከኋላው ያለው ሕዝብ ይታጎራል። ተገቢ ክልከላ ነው፤ ምንም አልቃወምም።

ታዲያ ክልከላው መልካም ዕድል መሆን ነበረበት። ሦስት እግር ሲከለከል ሁለት እግር ይቀራል። ሁለት እግር ደግሞ ይራመዳል፣ ይንበረከካል፣ ዞር ይላል፣ ይመለሳል። ትራይፖድ የማይሄድበት ሁሉ ይሄዳል። የሆነው ግን ሌላ ነው። መንገደኛው ትራይፖዱን ደጅ ጥሎ ሲገባ እርሱ ራሱ ትራይፖድ ሆነ! ክርኑን ከጎኑ ይለጥፋል፣ ትንፋሹን ይውጣል፣ እንደ ግንድ ይቆማል፤ ሁሉም ወደቆመበት ቦታ ሄዶ ይቆማል። ፋብሪካዎችም አግዘውታል። በ1995 ካኖን የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያርም መሣሪያ ያለበትን የመጀመሪያውን ተለዋዋጭ ሌንስ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በየኪሳችን ያለው የእጅ ስልክ ደግሞ በጨለማ ውስጥ ብዙ ሥዕሎችን በተከታታይ አንሥቶ፣ አንዱን ከሌላው ጋር አመሳክሮ፣ ያልተንቀጠቀጠ አንድ ሥዕል ያወጣል። ከበር የተመለሰው ትራይፖድ በመስኮት ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ «በእጅ የተነሣ» የሚባለው ፎቶግራፍ እጅ የሌለበት ፎቶግራፍ ነው። ማን እንዳነሣው፣ ደክሞት እንደነበር፣ በርዶት እንደነበር፣ ቸኩሎ እንደነበር ከሥዕሉ አይታወቅም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣብኝ ይችላል። «ታዲያ ትራይፖድ ሕይወት የለውም ልትል ነው?» የሚል። አልልም። የኪዮቶን ከሚያሳዩት ፎቶግራፎች መካከል ከሁሉ የምወዳቸው ጥቂቶቹ በመቆሚያ ላይ የተነሡ ናቸው። ኢሺሞቶ ያሱሂሮ የተባለው ፎቶ አንሺ በ1921 በሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ በጃፓን ያደገ፣ ተመልሶ አሜሪካ ሲሄድ በጦርነቱ ጊዜ እንደሌሎቹ ጃፓናውያን በግዞት ሠፈር የታጎረ፣ በኋላም በቺካጎ ፎቶግራፍ የተማረ ሰው ነው። በ1953 እና በ1954 የካትሱራን የንጉሣውያን መኖሪያ አነሣ። ጣራውን ቆርጦ ጣለው። የቀሩት የወለሉ መሥመሮች፣ የወረቀት መዝጊያዎቹ አራት ማዕዘኖች፣ በሣር ላይ የተበተኑት የመርገጫ ድንጋዮች ናቸው። ጥቁርና ነጭ። የሦስት መቶ ዓመት ቤት ትናንት በአንድ መሐንዲስ የተነደፈ ይመስላል። በ1960 መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ ታንጌ ኬንዞና ዋልተር ግሮፒየስ ጽሑፍ ጨመሩበት፤ ታንጌማ ሥዕሎቹን ጭምር ለራሱ አስተሳሰብ እንዲስማሙ ቆራርጧቸዋል። ይኸው ሰው በ1981 እና በ1982 ወደዚያው ቤት ተመልሶ በቀለም አነሣው። አሁን ጣራው ተመለሰ፤ ጌጡ፣ የብረት እጀታው፣ ሰማያዊና ነጭ የወረቀት ግድግዳው ሁሉ ብቅ አለ። አንድ ሰው፣ አንድ ቤት፣ ሁለት ካትሱራ። ሕይወት የሌለው ትራይፖዱ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አንድ ዓይነት በሆኑ ነበር።

የዶሞን ኬን ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ዶሞን በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የካሜራ መጽሔት ላይ የአማተሮችን ሥራ እየዳኘ፣ ምንም ያልተቀነባበረ የቅጽበት ፎቶግራፍ ብቻ ነው እውነተኛው እያለ ይሰብክ የነበረ የእውነታዊነት አባት ነው። በ1960 የቺኩሆን የድንጋይ ከሰል ሠፈር ልጆች በትንሽ ካሜራ አንሥቶ፣ እንደ እኛይቱ መጽሔት ረከስ ባለ ወረቀት አሳትሞ በ100 የን ሸጧል። ይህ ሰው ወደ ጥንታውያን መቅደሶች ሲሄድ ግን ትልቅ ካሜራና መቆሚያ ይዞ ነው። «የጥንታውያን መቅደሶች ጉዞ» የሚባሉት አምስት ትልልቅ ጥራዞቹ ከ1963 እስከ 1975 ወጡ። በመካከሉ በ1968 ለሁለተኛ ጊዜ ደም መፍሰስ በአንጎሉ ደርሶበት በተሽከርካሪ ወንበር ቀረ፤ ረዳቶቹ ተሸክመውት ሥራውን ቀጠለ። መራመድ የተከለከለ ሰው ነው እንግዲህ።

እርሱ ራሱ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ከኪዮቶ በስተደቡብ ኡጂ በሚባለው ቦታ ስላለው የቢዮዶ-ኢን አዳራሽ ነው። በ1053 የተሠራውና ዛሬ በ10 የን ሳንቲም ላይ የተቀረጸው ነው። ስለዚህ ጃፓናዊ ሁሉ ሥዕሉን በኪሱ ይዞት ይዞራል። ዶሞን ሥራውን ጨርሶ ዕቃው እየተሰበሰበ ሳለ ዞር ሲል፣ ከአዳራሹ ጀርባ የፀሐይ መጥለቂያ ቀይ ደመና ሲሮጥ አየ፤ ደመናው ሲሮጥ አዳራሹ ራሱ የሚሮጥ መሰለው። ካሜራውን መልሱ ብሎ ጮኾ አንድ ሥዕል ብቻ ለማንሣት ደረሰ። ከዚያን ቀን ወዲያ ሕንፃም ሐውልትም ለእርሱ የሚሮጥ ነገር ሆነ። እስቲ ይህን ከመንገደኛው ጋር እናስተያየው። አንዱ ከባድ ካሜራ በመቆሚያ ላይ ቸክሎ ሕንፃውን ሲሮጥ አገኘው። ሌላው ላባ የምታህል ካሜራ በእጁ ይዞ፣ መሮጥ ሲችል፣ ሕንፃውን በሳንቲም ላይ እንዳለው አድርጎ ቸከለው።

በነገራችን ላይ (ነገሩ ከዋናው ሐሳብ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ ግን ሳልናገረው ማለፍ አልቻልኩም) ሳንጁሳንገን-ዶ በሚባለው ረጅም አዳራሽ ውስጥ 1,001 የካንኖን ሐውልቶች ተሰልፈው ቆመዋል። ካንኖን በቡድሃ እምነት የርኅራኄ መንፈስ ናት፤ ባለ ሺህ እጅ ትባላለች። በአዳራሹ ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነው። በ1934 በቶኪዮ የተሠራ አንድ የሙከራ ካሜራ ስሟን ወስዶ «ክዋኖን» ተባለ፤ በምልክቱም ላይ ባለ ሺህ እጇ ካንኖን ተሥላ ነበር። ያ ስም ነው በኋላ «ካኖን» የሆነው። ስለዚህ መንገደኛው ካኖን ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከካንኖን ደጅ ሲደርስ «ዝጋ» ይባላል። ካሜራ በእጅ ለመያዝ ደግሞ እንደ እርሷ የታደለ የለም! ሱጊሞቶ ሂሮሺ ግን ፈቃድ ለማግኘት ሰባት ዓመት ደጅ ጠንቶ፣ በ1995 በማለዳ ብርሃን፣ ኤሌክትሪኩን አስጠፍቶ አነሣቸው። አርባ ስምንት ሥዕል። ሰባት ዓመት ደጅ የመጥናት ነገር ለእኛ ለተማሪዎች እንግዳ አይደለም፤ ለፎቶግራፍ ሲሆን ግን መጀመሪያ የሰማሁት ነው።

ባለፈው ሴሚስተር አንድ መምህራችን ከኪዮቶ ተመልሰው ያነሷቸውን ሁለት መቶ ያህል ፎቶግራፎች በግድግዳ ላይ እያበሩ አሳይተውን ነበር። መምህራችንን በእጅጉ አከብራቸዋለሁ፤ ሥዕሎቹን ግን ሥዕል ናቸውና በሥዕልነታቸው ልመዝናቸው ይፈቀድልኝ። አብዛኞቹ ጥርት ያሉ፣ ቀጥ ያሉ፣ ምንም የማይወጣላቸው ነበሩ። አምስቱም ዓይነት ነበሩበት፤ ማይኮዋ ብቻ አልነበረችም፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ። በመካከሉ አንዲት ሥዕል መጣች። ማለዳ ነው፤ አንዲት ሴትዮ ከበራቸው ፊት አጎንብሰው በመንገዱ ላይ ውኃ ይረጫሉ። ሥዕሏ ወደ ግራ አዘንብላለች፤ ክንዳቸው በእንቅስቃሴ ተበልቷል፤ ውኃው እንደ ጭረት ሆኗል፤ በታችኛው ጥግ የመምህራችን ጣት ይሁን የኮታቸው ጫፍ ያልታወቀ ጥቁር ነገር አለ። «ይቺ ተበላሽታለች» ብለው በፍጥነት አሳለፏት።

እኔ ደግሞ ከሁለት መቶው ውስጥ ያለችው ሥዕል እርሷ ናት እላለሁ። በሌሎቹ ላይ ኪዮቶ ማንም የሌለባት፣ ለእንግዳ የተጠረገች ቤት ናት። በዚህች ላይ ግን የሚጠርጋት ሰው አለ። የሴትዮዋ ክንድ ስለደበዘዘ ውኃው ይወረወራል፤ ክንዱ ጥርት ቢል ኖሮ ውኃው በአየር ላይ እንደ ብርጭቆ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። ማዘንበሏም የሚነግረን ነገር አለ፤ አንሺው ቆመው አልተዘጋጁም፤ እያለፉ ነበሩ፤ ምናልባትም ትንሽ አፍረዋል። እጃቸው በሥዕሉ ውስጥ አለ።

ይህን በኅብረታችን ውይይት ላይ ሳነሣ አንድ ጓዳችን ነገሩን ወደ ሌላ ጫፍ ወሰደው። «እንግዲያው የደበዘዘ ሁሉ እውነት ነው» አለ። የጠቀሰውም በ1968 እና በ1969 በቶኪዮ የታተመችውን «ፕሮቮክ» የተባለች መጽሔት ነው። ሦስት እትም ብቻ ወጥታ ቆመች፤ እኛ እንኳ ከዚያ በልጠናል። ናካሂራ ታኩማና ሞሪያማ ዳይዶ በእርሷ ላይ ሻካራ፣ የተንቀጠቀጠና የደበዘዘ ፎቶግራፍን ከፍ አድርገው አወጡ። ጓዳችን ያልተናገረው ግን ያ መደብዘዝ የመጣው ከጠብ መሆኑን ነው። በዚያን ጊዜ የማስታወቂያና የጋዜጣ ፎቶግራፍ ሁሉን ነገር አጥርቶ፣ አጽድቶ፣ ተርጉሞ ያቀርብ ስለነበር እነርሱ «አናጠራም» አሉ። ዛሬ ያንኑ መደብዘዝ በስልክ ላይ በአንድ ጣት ጠቅታ መቀባት ይቻላል፤ መጀመሪያ ጥርት አድርጎ አንሥቶ በኋላ ማደብዘዝ! ይህ ከተቀደደ ሱሪ ግዢ አይለይም። የመምህራችን ሥዕል ዋጋ መደብዘዟ ላይ ሳይሆን የደበዘዘችበት ምክንያት በሥዕሉ ውስጥ መታየቱ ላይ ነው።

እስካሁን የነቀፍኩት በዝቷል። በእጁ ካሜራ ይዞ ኪዮቶ የገባ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ጥቂት ቀን ብቻ የቆየ፣ ሆኖም አዲስ ነገር ሠርቶ የወጣ ሰው አለ። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒ ነው። የካቲት 1983 ሪዮአን-ጂ መቅደስ ሄደ።

የሪዮአን-ጂን የድንጋይ አትክልት አንባቢ እንዲያውቀው ያስፈልጋል። ርዝመቱ 25 ሜትር፣ ስፋቱ 10 ሜትር ገደማ የሆነ አራት ማዕዘን መሬት ነው። ዛፍ የለም፣ አበባ የለም፤ በመስመር የተፋቀ ነጭ ጠጠርና በትንሽ በትንሹ የተመደቡ 15 ድንጋዮች ብቻ አሉ። ጎብኚው በአንድ ጎን ባለው የእንጨት በረንዳ ላይ ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል። ድንጋዮቹ የተቀመጡት ከበረንዳው ከየትኛውም ቦታ ቢያዩአቸው ቢያንስ አንዱ ከሌላው ጀርባ እንዲደበቅ ተደርጎ ነው። አሥራ አራት ይቆጥራሉ። ወደ ቀኝ ቢሄዱ የጠፋው ይመጣል፤ ሌላ ይጠፋል። ለፎቶ አንሺ ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም። ሌንሱ ምንም ያህል ቢሰፋ ድንጋይ ከድንጋይ ጀርባ ነው።

ሆክኒ በመጀመሪያ ተቀምጦ ሞከረ። ካሜራዋን በእጁ ይዞ አትክልቱን ክፍል በክፍል አነሣና ወረቀቶቹን አጋጥሞ ለጠፋቸው። ያ ሥራ «ተቀምጦ» ተብሎ ይታወቃል። እዚያ ላይ አትክልቱ ከአንድ ዐይን እንደሚታይ ነው፤ ከፊት ይሰፋል፣ ወደ ኋላ ይጠብባል። ሁለተኛው «እየተራመዱ» ነው። አሁን በበረንዳው ጫፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ጥቂት ይራመዳል፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ከግድግዳው አንሥቶ እስከ ራሱ እግር ድረስ በተከታታይ ያነሣል፤ ደግሞ ይራመዳል። ወረቀቶቹ ሲገጣጠሙ አትክልቱ እንደ እውነቱ አራት ማዕዘን ሆኖ ወጣ፤ የሚጠብብ ጎን የለውም። ከሥር በኩል ጫማ ያወለቁ እግሮች በተርታ አሉ፤ የአንድ ሰው እግሮች ናቸው፣ ግን ብዙ ጊዜ።

ይህን ሥራ ሳስብ ሁለት ነገር ይገርመኛል። አንደኛ፣ ከአንድ ቦታ የተነሣ ሥዕል፣ በመቆሚያም ይሁን በእጅ፣ አራት ማዕዘኑን መሬት ሁልጊዜ ያጣምመዋል፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ካሜራ ነው የሚዋሸው፤ እየተራመደ የሚንቀጠቀጠው እውነቱን ተናገረ። የወረቀቶቹ ጠርዝ አይገጥምም፣ የብርሃኑ መጠን ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፣ የጠጠሩ መስመሮች ይሰበራሉ። ሆክኒ አንዱንም አልደበቀም። ሁለተኛ፣ እግሩን አስገባ። መንገደኛ ሁሉ በጥንቃቄ ከፍሬም የሚያወጣውን የራሱን አካል እርሱ የሥዕሉ መሠረት አደረገው። «እዚህ ነበርኩ» የሚለው የተናቀ የመንገደኛ ፎቶግራፍ ዓረፍተ ነገር በዚህ ሥራ ላይ የቅርጽ መፍትሔ ሆነ። ዛሬ ስልኮቻችን ዘንበል አድርገው ሲያዞሯቸው ረጅም ሥዕል ይሰፋሉ፤ ይህን ያየ ሰው ሆክኒ ቀደም ብሎ ያንኑ ሠራ ሊል ይችላል። ስልኩ ግን ስፌቱን ይደብቃል፤ ከአንድ ቦታም አይነቃነቅም።

ቅሬታም አለኝ። «እየተራመዱ» ስለ ማየት ብዙ ይነግረናል፤ ስለ ኪዮቶ ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። ጠጠሩን የሚፍቁት ሰዎች የሉበትም። ድንጋይ እንደ ሰው አይቆጣም፤ ሆክኒ የመረጠው የማይቆጣውን ነው። እጅ የሚፈተነው የሚቆጣ ነገር ፊት ሲቆም ነው።

ይህ ወደ ጊዮን ይወስደናል። ማይኮ ማለት ገና በሥልጠና ላይ ያለች ወጣት ናት፤ ዘፈን፣ ጭፈራና የሻይ ሥርዓት ትማራለች፤ ማታ ማታ ከምትኖርበት ቤት ወደ ተጠራችበት ቤት በእግሯ ትሄዳለች። ሥራ እየሄደች ነው እንግዲህ። መንገደኞች በጠባቡ መንገድ እያሳደዱ፣ ፊቷ ላይ ካሜራ እየደቀኑ፣ እጅጌዋን እስከ መያዝ ደረሱ። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ያሉት ለዚህ ነው። የሠፈሩ ነዋሪዎች በ2019 በግል መንገዶቻቸው ላይ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል መሆኑንና 10,000 የን እንደሚያስቀጣ የሚገልጽ ማስታወቂያ ሰቀሉ። አልበቃም። በ2024 ደግሞ የግል የሆኑትን መተላለፊያዎች ለጎብኚ ጭራሽ ዘጉ።

አንዳንድ ሰው ይህን የጥበብ ነፃነት ጉዳይ ያደርገዋል፤ ቅጽበትን የሚያጠምድ ፎቶ አንሺ ፈቃድ ቢጠይቅ ቅጽበቱ ይሞታል ይላል። ቁም ነገር ያለው ክርክር ነው፤ ነገር ግን የማይኮ ሥዕሎቹ ራሳቸው ይመሰክሩበታል። ልብ ብላችሁ እዩአቸው፤ ልጅቱ ሁልጊዜ አንገቷን ሰብራ ነው ያለችው፣ ዐይኗ መሬት ላይ ነው፣ ጉዞዋ ፈጣን ነው። ጎብኚው ይህን «የምሥራቅ ምስጢራዊነት» ይለዋል። ምስጢር አይደለም፤ የሚያሳድዳትን ሰው ማምለጧ ነው። እንደዚያ ከሆነ ቅጽበቱን የፈጠረው አንሺው ነው ማለት ነው። ዶሞን የጠላው መቀነባበር ከዚህ ምን ይለያል? በእኛም አገር በገና ላሊበላ ላይ ነጭ የለበሰ ምእመን ፊት ላይ ሌንስ ሲደቀን ያየ አንባቢ የምለው ይገባዋል፤ ከደቃኞቹ መካከል የእኛው ጓደኞች መኖራቸውም ይታወቃል።

ካይ ፉሳዮሺ የተባለ በ1949 የተወለደ ፎቶ አንሺ እዚያው ኪዮቶ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት በእጁ ካሜራ ይዞ ኖሯል። በ1972 ከጓደኞቹ ጋር በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ «ሆንያራዶ» የሚባል ቡና ቤት ከፈቱ፤ ገጣሚውም፣ ተማሪውም፣ ሥራ ፈቱም የሚሰበሰብበት ነበር። ካይ ከዚያ እየወጣ በካሞ ወንዝ ዳርና በደማቺ ሠፈር ያሉትን ልጆች፣ ድመቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ባለሱቆች አነሣ። ከአምስቱ ዓይነት ሥዕሎች አንዱም እርሱን የሚመለከተው አይመስልም። በልጆቹ ፊት ላይ የሚነበበው «ያው እርሱ መጣ» የሚል ነው፤ ይህን ፊት ደግሞ ሦስት ቀን የቆየ መንገደኛ ምንም ዓይነት ሌንስ ቢገዛ አያገኘውም። በጥር 2015 ቡና ቤቱ ተቃጠለ፤ ከእርሱም ጋር እጅግ ብዙ ኔጋቲቭና የታተሙ ፎቶግራፎች ነደዱ። ወርቅ ለበሱ ቤት ሲቃጠል እንደገና ተሠራ። ኔጋቲቭ እንደገና አይሠራም።

መንገደኛው እንደ ካይ ዐርባ ዓመት ይቀመጥ ማለቴ አይደለም፤ ቪዛውም አይፈቅድለት። የምጠይቀው ያነሰ ነው። እንደ መምህራችን ሴትዮ ያለች ሥዕል ስትመጣ «ተበላሽታለች» ተብላ እንዳትጣል፣ እንደ ሆክኒ እግርን ከሥዕሉ እንዳያወጡ፣ ልጅቱ ስታልፍ ደግሞ ካሜራውን ዝቅ እንዲያደርጉ። በጊዮን የተዘጉት የግል መተላለፊያዎቹ ናቸው። ሐናሚኮጂ የሚባለው ዋናው ጎዳና አልተዘጋም፤ በሁለት እግር ለሚሄድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነው።